ሁለት ጥንድ የኋላ ኮፈን ሞላ በአንድ አሮጌ መኪና ላይ

ትርፍ ጎማውን ለማውጣት ጎንበስ ባልኩበት ኮፈኑ ያለ ድምፅ ወርዶ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ጉዳት አላደረሰብኝም፤ ይሁንና ለአንድ ዓመት ያህል በቁራጭ ዱላ እየደገፍኩ ስጠቀምበት ስለቆየሁ፣ ዱላውን የምረሳበት ቀን መምጣቱ እንደማይቀር ልቤ ያውቀው ነበር። መኪናዬ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ባለ አራት በር ሲሆን፣ የኋላ ኮፈኑን የሚደግፉት በግራና በቀኝ ማጠፊያዎች ላይ የተወጠሩ ሁለት ሞላዎች ናቸው። እነዚህን ለመተካት ከሁለት የተለያዩ አምራቾች ሁለት ጥንድ ገዝቼ፣ ሁለቱንም በየተራ ገጥሜ ሞክሬአለሁ። የመጀመሪያውን ጥንድ መልሻለሁ፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ መኪናው ላይ ይገኛል። ጥሩውን ከመጥፎው የለየው ዋና ነገር የ0.2 ሚሊሜትር የሽቦ ውፍረት ልዩነት በመሆኑና ይህም ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያዩት እንኳ በቀላሉ የማይለይ በመሆኑ፣ ግምገማውን ረዘም አድርጌ መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

ስለ ዕቃው ከመናገሬ በፊት ሞላው የሚሸከመውን ጭነት ማሳየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን ክፍል እንደ በር መቀርቀሪያ ቀላል ነገር አድርጎ ስለሚያየው ነው። የእኔን ኮፈን ከነመቆለፊያው ፈትቼ ስመዝነው 14 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኘ። የክብደቱ መካከል ከማጠፊያው 45 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ሞላው ግን ማጠፊያውን የሚስበው በ4.5 ሴንቲሜትር ክንድ ብቻ ነው። ክንዱ አሥር ጊዜ ስላጠረ የሚያስፈልገው ጉልበት አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 14 ኪሎውን ለማመጣጠን ሁለቱ ሞላዎች በአንድነት በ140 ኪሎ፣ እያንዳንዳቸው በ70 ኪሎ ክብደት መጠን መሳብ አለባቸው ማለት ነው። ኮፈኑ ተዘግቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ ይህ ጉልበት በሞላዎቹ ውስጥ ታምቆ ይኖራል። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በሚያድርበት ሌሊት እንኳ ሞላው ሥራ ላይ ነው፤ እንዲያውም ከምንም ጊዜ ይልቅ የተወጠረው ያኔ ነው። ኮፈኑ ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር ክብደቱ በማጠፊያው ላይ የሚፈጥረው ጫና እየቀነሰ ሄዶ በ60 ዲግሪ ላይ ግማሽ ይሆናል፤ ሞላውም እየተሰበሰበ ጉልበቱ ይቀንሳል። የመኪናው ንድፍ አውጪዎች ብልኃት እነዚህ ሁለት ቅነሳዎች ጎን ለጎን እንዲሄዱ ማድረግ ነበር፤ መለዋወጫ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን ሚዛን በትንሹ ቢያዛባው ኮፈኑ ወይ ይወድቃል፣ ወይ እንደ ወጥመድ ይፈናጠራል።

አሮጌዎቹን ሞላዎች አውጥቼ በካሊፐር (ውፍረትን እስከ ሚሊሜትር ክፍልፋይ በሚለካ መሣሪያ) ለካሁ። የሽቦው ውፍረት 4.0 ሚሊሜትር፣ የሞላው የውጭ ስፋት 28 ሚሊሜትር፣ ዙሩ 40 ነበር። ዙሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሲቀመጡ፣ ከመንጠቆዎቹ በስተቀር፣ ርዝመታቸው 160 ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል፤ 40 በ4 ሲባዛ ማለት ነው። የቀኙ ሞላ ግን 163 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ብርሃን አንሥቼ ስመለከተው በመሐሉ ባሉ ጥቂት ዙሮች መካከል ጭላንጭል ይታይ ነበር። ይህ ሞላው ከልክ በላይ ተለጥጦ ወደ ቦታው መመለስ እንዳቃተው የሚያሳይ ምልክት ነው። የግራው ታሪክ ከዚህ የባሰ ነበር። ከእኔ በፊት መኪናውን የያዘ አንድ ሰው የተሰበረ መንጠቆ አጋጥሞት ኖሮ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች በእሳት አግሎ በፒንሳ በመጠምዘዝ አዲስ መንጠቆ አበጅቶለታል። በእሳት የጋለው ቦታ ጠቁሮና ተላልጦ ከሌላው አካል ተለይቶ ይታያል። የሞላ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ሲሠራ ካለፈበት የመሳብና የሙቀት ሂደት ስለሆነ፣ በእሳት የቀላ ቦታ እንደ ማንኛውም ለስላሳ ሽቦ ይሆናል። መንጠቆው ቀስ በቀስ ተከፍቶ ከማጠፊያው ቀዳዳ ሊወጣ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ዱላው ያዳነኝ ከዚህም ጭምር መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ጥንድ «ለተጠቀሰው ሞዴል በቀጥታ የሚገጥም» ተብሎ የተሸጠ ሲሆን፣ አደራረጉ ያማረ ነበር። እያንዳንዱ ሞላ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በዚንክ ተለብጦ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ርዝመቱን ከአሮጌው ጋር ሳስተያየው አንድ ዓይነት ሆነ፤ መንጠቆዎቹም በተገቢው አቅጣጫ ታጥፈዋል። ሻጩ ያቀረበው መረጃም ይህንኑ ርዝመትና የውጭ ስፋት ብቻ የያዘ ነበር። ካሊፐሩን ሽቦው ላይ ሳደርገው ግን 3.8 ሚሊሜትር አነበብኩ፤ ሦስት ቦታ ደጋግሜ ለካሁ፣ ሦስቱም ቦታ ያው ነው። ከዚያ ዙሮቹን በብዕር ጫፍ እየነካሁ ስቆጥር 42 ሆኑ። አምራቹ ቀጭን ሽቦ ሲጠቀም ሞላው እንዳያጥርበት ሁለት ዙር ጨምሯል፤ 42 በ3.8 ሲባዛ 159.6 ስለሚመጣ፣ በሜትር የለካ ሰው ልዩነቱን ፈጽሞ ሊያገኘው አይችልም።

በዚህ ቦታ ጥቂት ስሌት ማስገባት አይቀርም። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ ሞላ የሚስብበት ጉልበት ከመለጠጡ መጠን ጋር እኩል እንደሚያድግ ይነግረናል፤ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨምር የሚወስኑት ደግሞ የብረቱ ዓይነት፣ የሽቦው ውፍረት፣ የሞላው ስፋትና የዙሩ ብዛት ናቸው። ከእነዚህ መካከል የሽቦው ውፍረት አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው ወደ ስሌቱ የሚገባው። 3.8 ለ4.0 ሲካፈል 0.95 ነው፤ 0.95 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.81 ገደማ ይመጣል። አምስት ከመቶ የቀጠነ ሽቦ ወደ አሥራ ዘጠኝ ከመቶ የሚጠጋ ጉልበት ወሰደ ማለት ነው። የዙር መብዛት ደግሞ ሞላውን የበለጠ ስለሚያለሰልሰው፣ ሁለቱ የተጨመሩ ዙሮች ሲታሰቡ ቅናሹ 22 ከመቶ ይደርሳል። ርዝመቱን ለማስመሰል የተጨመረው ነገር ድክመቱን አባባሰው። ይህን ያሰላሁት ከመግጠሜ በፊት ነበር፤ ቢሆንም ስሌት አንድ ነገር፣ መኪና ሌላ ነገር ነው ብዬ ገጠምኳቸው።

ውጤቱ ወረቀቱ እንደተናገረው ሆነ። ኮፈኑን በእጄ እስከ መጨረሻው ሳነሣው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እጄን ለቅቄ ወደ አምስት ስቆጥር ግን ይንቀጠቀጥና ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል፤ ከግማሽ በታች ሲደርስ ይፈጥናል። መኪናው ቁልቁል በሆነ ቦታ ላይ አፍንጫው ወደ ታች ሆኖ ሲቆም ይቆይልኛል፤ ሽቅብ ሲቆም ጨርሶ አይቆምም። ነፋስ ባለበት ቀን በዚህ ኮፈን ሥር ጭንቅላትን ማስገባት ከአሮጌው ሞላ ጊዜ ይልቅ የሚያሰጋ ነበር፤ ምክንያቱም ጭራሽ የማይቆም ኮፈን ሰውን ያስጠነቅቃል፣ ለጊዜው የሚቆም ግን ያዘናጋል።

ሌላው ያላስደሰተኝ ያ ያማረው የዚንክ ልባጥ ነው። በኤሌክትሪክ የሚደረግ የዚንክ ልባጥ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን በሂደቱ ውስጥ ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ስለሚገባ፣ በጣም ጠንካራ የሆነ የሞላ ብረት ያለ ምንም ምልክት ተሰብሮ እንዲበጠስ ሊያደርገው ይችላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሞላው እንደተለበጠ ሳይቆይ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለበርካታ ሰዓታት ምድጃ ውስጥ እንዲቆይ ይደረጋል። ለሻጩ ይህ ተደርጎ እንደሆነ ጽፌ ብጠይቅ «ርዝመቱ ትክክል ነው» የሚል መልስ ሰጠኝ። ሁለተኛ ጽፌ የሽቦውን ውፍረት ሳነሣበት ግን ክርክር ውስጥ ሳይገባ ዕቃውን መልሶ ተቀብሎኛል፤ ይህን ሳልመሰክርለት ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም።

ሁለተኛውን ጥንድ ያገኘሁት በትእዛዝ ሞላ ከሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ነው። ያዘዝኩትም የመኪናውን ሞዴል በመናገር ሳይሆን ልኬቶቹን በመስጠት ነበር፤ የሽቦ ውፍረት፣ የውጭ ስፋት፣ የዙር ብዛት፣ የመንጠቆዎቹ ዓይነትና የእርስ በርስ አቅጣጫቸው። ሠሪው እኔ ያላሰብኩትን አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ዙሮቹ መላቀቅ የሚጀምሩት በስንት ኪሎ ሲሳቡ ነው? የሚለጠጥ ሞላ ሲጠመዘዝ ዙሮቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ስለሚሠሩ፣ የተወሰነ ጉልበት እስኪደርስበት ድረስ ፈጽሞ አይከፈትም፤ ይህ መነሻ ጉልበት ኮፈኑ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ በሚቆምበት ጊዜ ዋናውን ሥራ ይሠራል። ያልተበላሸ ሞላ ስላልነበረኝ ከግራው አሮጌ ሞላ እሳት ያልነካውን ክፍል በባልዲ ውኃ ለካሁት፤ ሞላውን አንጠልጥዬ ከሥሩ ባልዲ አሰርኩና ውኃ ቀስ በቀስ ጨመርኩ፤ 10 ኪሎ ላይ ሲደርስ በሁለት ዙሮች መካከል ወረቀት ማስገባት ቻልኩ። ወርክሾፑ የሠራቸው ሞላዎች በዚያው ባልዲ ሲፈተኑ አንዱ በ10፣ ሌላው ከ10 በጥቂት በሚበልጥ ኪሎ ተከፈቱ። በእጅ ሥራ ከዚህ የተሻለ መጠበቅ አይቻልም።

የመንጠቆዎቹ አሠራር ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል። የሚለጠጥ ሞላ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በአካሉ ላይ ሳይሆን ሽቦው ከመጨረሻው ዙር ወደ መንጠቆው በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ሽቦው እዚያ ላይ በመጠምዘዝም በመታጠፍም ስለሚጨነቅ ነው። የመጀመሪያው ጥንድ በዚህ ቦታ በድንገት የሚታጠፍ ስለታም ማዕዘን ነበረው። የሁለተኛው ግን በዝግታ የሚዞር ሰፊ ክብ ሠርቶ ይወጣል። ጉድለት አላጣሁበትም፤ በአንደኛው መንጠቆ ውስጠኛ ክፍል ላይ መሣሪያው የተወው ትንሽ ጭረት አለ። ጭረት በሞላ ላይ የስብራት መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በሽቦው ርዝመት አቅጣጫ አለስልሼዋለሁ፤ በዚህ ዋጋ የሚሠራ ወርክሾፕ ይህን ራሱ ሊያደርገው ይገባ ነበር። ልባጡም ጥቁር ዘይታማ ሽፋን ብቻ ስለሆነ ከዝገት የሚጠብቀው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከመግጠሜ በፊት በሰም ቀባሁት።

የመግጠሙ ሥራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ሊናቅ አይገባም። በመጀመሪያ ኮፈኑን በሁለት እንጨት፣ በግራና በቀኝ፣ መደገፍ ያስፈልጋል፤ ሞላው ሲወጣ 14 ኪሎው በሙሉ በእንጨቶቹ ላይ ይወድቃልና። የቦዲውን ቀለም ለመጠበቅ በኮፈኑ ማዕዘኖች ሥር ወፍራም ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። የማጠፊያውን ብሎኖች መፍታት አያስፈልግም፤ የሚፈታቸው ሰው ኮፈኑን ከጎንና ጎን ላሜራዎች ጋር ለማስተካከል ሌላ ቀን ይፈጃል። የዓይን መከላከያ መነጽር የግድ ነው፤ ከመንጠቆው ያመለጠ ሞላ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አስቀድሞ አያውቅም።

ሞላውን በፒንሳ ወይም በካቻቢቴ እየጎተቱ ከቀዳዳው ለማስገባት መታገል ብዙዎች የሚያደርጉት ስሕተት ነው። እኔ የተጠቀምኩት የድሮ የቦዲ ሠራተኞች ዘዴ ነው። የሞላውን አንድ ጫፍ በሞርሳ አስሬ፣ ሌላውን ጫፍ በጠንካራ ገመድና በእንጨት እጀታ እየሳብኩ፣ ረዳቴ በሚከፈቱት ዙሮች መካከል ሮንዴላ (በብሎን ሥር የሚገባ መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ብረት) እንዲያስገባ አደረግሁ። ሮንዴላዎቹ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ነበራቸው፤ አንዱን ከቀኝ፣ ቀጣዩን ከግራ እያፈራረቅን 24 አስገባን። ሁሉንም በአንድ ወገን ብናስገባ ኖሮ ሞላው እንደ ቀስት ይጎብጥብን ነበር። እያንዳንዱ ሮንዴላ አንዱን ወገን ብቻ ስለሚከፍት ሞላው በመካከሉ የሚረዝመው በግማሽ፣ ማለትም በ1 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 24ቱ በጠቅላላው 24 ሚሊሜትር ያህል አስረዘሙት። እዚህ ርዝመት ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው ጉልበት 21 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከአንድ ጎልማሳ አቅም በላይ አይደለም። ገመዱ ሲለቀቅ ሞላው ሮንዴላዎቹን ነክሶ እንደረዘመ ይቀራል፤ ያኔ ሁለቱን መንጠቆዎች ያለ ምንም ትግል በጣት ብቻ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ ድጋፎቹን አንሥቶ ኮፈኑን በእጅ ወደ ታች ሲጫኑት ሞላው ይበልጥ ይለጠጥና ሮንዴላዎቹ እንደ ሳንቲም እየተንኳኩ ይወድቃሉ። ሃያ አራቱንም ቆጥሮ መልቀም ያስፈልጋል። እኔ ሃያ ሦስት ብቻ አግኝቼ ግማሽ ሰዓት ከፈለግሁ በኋላ ሃያ አራተኛው በግራው ማጠፊያ ክንድ ላይ ዐርፎ ተገኘ፤ ኮፈኑን ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰብረው ነበር።

ከመጀመሪያው ጥንድ ጋር አብሮ የመጣ አንድ መሣሪያ ነበር፤ ቲ ቅርጽ ያለው እጀታና ጫፉ የተቆለመመ ዘንግ። ሞላውን በእሱ ስቤ ለማስገባት ስሞክር ዘንጉ በመጀመሪያው ሙከራ ተጣመመ። ሌላ የምለው የለኝም።

አዲሱ ጥንድ ከተገጠመ በኋላ መቆለፊያው ሲከፈት ኮፈኑ በጎማው ማሸጊያ ጉልበት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ በአንድ እጅ ቀለል ባለ ግፊት ይሄዳል፣ ከግማሽ ካለፈ በኋላ ራሱ ይነሣል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሳይንኳኳ ቀስ ብሎ ይቆማል። ይህን የምጠቅሰው ብዙ ባለ አሮጌ መኪናዎች «ጠንከር ያለ ቢሆን ይሻላል» በማለት 4.2 ወይም 4.5 ሚሊሜትር ሽቦ እንደሚያሠሩ ስለማውቅ ነው። በዚያው በአራት ጊዜ ብዜት ስሌት 4.5 ሚሊሜትር ሽቦ ጉልበቱን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ኮፈን መቆለፊያው በተነካ ቁጥር ተፈናጥሮ ይነሣል፤ የማጠፊያው ብሎኖች የተያዙበት ቀጭን ላሜራ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ለመዝጋትም በሁለት መዳፍ ስለሚጫኑት በኮፈኑ ጠርዝ ላይ የእጅ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ጉዳት በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ከቀድሞ ግጭት የመጣ አድርገው ያስቡታል።

ሞላ ከመቀየር በፊት ማጠፊያውን ራሱን መመልከት እንደሚገባም ልብ ይባል። የእኔ ማጠፊያዎች መዞሪያ ብሎናቸው ደርቆ ዝጎ ነበር፤ ካጸዳሁትና ቀጭን ዘይት ካስገባሁበት በኋላ ኮፈኑ ከበፊቱ በላይ በቀላሉ መውደቅ ጀመረ። ለካስ ዝገቱ የሞላውን ድክመት እየሸፈነ ኖሯል። ሞላውን የሚመዝን ሰው ይህን አስቀድሞ ካላደረገ የሚለካው የዝገቱን ጉልበት ነው።

በሞላ ፋንታ የጋዝ አሞርዛተር መግጠም የሚመርጡ አሉ። ለኋለኛ ዘመን መኪናዎች ተገቢ ነው፤ በዚህ መኪና ላይ ግን ለማሠሪያው አዲስ ቀዳዳ መብሳትና ብየዳ ማድረግ ስለሚጠይቅ፣ የመኪናውን ቀዳሚ ሁኔታ ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው አይቀበለውም። ጋዙም በብርድ ጊዜ ጉልበቱ ይቀንሳል። ኮፈናቸው በሚለጠጥ ሞላ ሳይሆን በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ የሚነሣ አሮጌ መኪናዎች ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መሣሪያና ሌላ ጥንቃቄ ስለሚጠይቁ፣ እዚህ የጻፍኩት የመግጠም ዘዴ ለእነርሱ አይሠራም። ከተጣለ መኪና ላይ የተፈታ ሞላ መግዛትን በተመለከተ፣ ዙሮቹን ወደ ብርሃን አንሥቶ ጭላንጭል መፈለግና የመንጠቆውን መታጠፊያ በአጉሊ መነጽር ማየት ይበቃል፤ ጭላንጭል ካለው አይገዛም።

ካሊፐር የሌለው ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ጥንድ ቢያገኝ በምን ይለየዋል? ዙሮቹን ይቁጠር። ሻጩ የሽቦውን ውፍረትና የዙሩን ብዛት በጽሑፍ ለመስጠት ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ዕቃው በዋጋ ቢረክስም እኔ አልገዛውም። የትእዛዙ ጥንድ ከመጀመሪያው ይልቅ በዋጋ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሲሆን፣ እስኪሠራም ሁለት ሳምንት አስጠብቆኛል፤ ከሁለት ጊዜ ገጠማና ከአንድ የመመለስ ድካም ጋር ሲነጻጸር ግን አልተወደደብኝም።

አሁን ከተገጠመ ሰባት ወር አልፎታል። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ሞላዎች አውጥቼ እንደገና ለካኋቸው፤ ሁለቱም 160 ሚሊሜትር ናቸው፤ በዙሮቹ መካከል ብርሃን አያልፍም። የሰሙ ሽፋን በግራው መንጠቆ ላይ ተፍቆ የተላላጠ ቦታ ስለነበረ እንደገና ቀባሁት። ኮፈኑ ሲነሣ ግራው ሞላ በመጨረሻው ሩብ ላይ «ጢክ» የምትል ድምፅ ያሰማል፤ መንጠቆው ከአሮጌው ቀዳዳ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ የሚመጣ ሲሆን፣ ጥቂት ግራሶ ለሁለት ሳምንት ያህል ጸጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ዱላውን ግን ከመኪናው አውጥቼዋለሁ።